ፍርድ ቤት ወጪውን ከተከሳሽ ኪስ መሰብሰቡን ሲያቆም

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት፣ በአላሜዳ ካውንቲ (ካውንቲ በግዛት ሥር ያለ የአካባቢ አስተዳደር ነው)፣ እስከ 2016 ድረስ (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ ልጅ በወንጀል ጉዳይ ሲያዝ ለወላጆቹ ሒሳብ ይላክላቸው ነበር። ልጁ በወጣቶች ማቆያ ላደረበት ለእያንዳንዱ ሌሊት 25 ዶላር ከ29 ሳንቲም፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ለሚታሰረው የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ በቀን 15 ዶላር፣ ከማቆያው ወጥቶ በክትትል ሥር ሲቆይ በወር 90 ዶላር፣ ስለ ልጁ ሁኔታ ተጣርቶ ለዳኛው ለሚቀርበው ዘገባ 250 ዶላር፣ መንግሥት ላቆመለት ተከላካይ ጠበቃ ደግሞ 300 ዶላር ይጠየቅ ነበር። ይህ ሁሉ በጥፋቱ ምክንያት የተጣለ ቅጣት አልነበረም፤ የተበደለ ሰው የሚካስበትም ገንዘብ አልነበረም። የፍትሕ ተቋማቱ የዕለት ሥራቸውን ሲሠሩ ያወጡት ወጪ ተሰልቶ ልጃቸው ወደታሰረባቸው ሰዎች የተመለሰ ሒሳብ ነበር።

ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ የተነሣሁት እንዲህ ያሉ ክፍያዎች በበርካታ የአሜሪካ ግዛቶች አንድ በአንድ እየተሰረዙ ባለበት በዚህ ወቅት ክርክሩ ሁለት ጫፍ ይዞ ስለማየው ነው። አንዱ ወገን ክፍያው ሲቀር ወንጀል ይቀንሳል ብሎ ተስፋ ይሰጣል፤ ሌላው ወገን ደግሞ የተቋማቱ ካዝና ይራቆታል፣ ጥፋተኛውም ያለ ተጠያቂነት ይቀራል ብሎ ያስጠነቅቃል። እስካሁን የተሰበሰበው ማስረጃ ግን ለአንዱም ለሌላውም በሙሉ ልብ አይመሰክርም። እኔ እንደማምነው ክፍያው መሰረዝ ያለበት ወንጀልን ይቀንሳል በሚል ተስፋ ሳይሆን፣ ከመነሻው የሕዝብ የሆነን ወጪ የመክፈል አቅማቸው ከሁሉ ባነሰ ሰዎች ላይ ስለሚጭንና መክፈል ሲያቅታቸው ወደዚያው ሥርዓት መልሶ ስለሚያስገባቸው ነው። ስረዛው በሰዎቹ ሕይወት የሚታይ ለውጥ የሚያመጣው ደግሞ የተጠራቀመውን የቆየ ዕዳ አብሮ ሲያነሣና የሚጎድለውን ገቢ በግልጽ በጀት ሲተካ ብቻ ነው።

በአንድ የወንጀል ውሳኔ ላይ ሦስት ዓይነት የገንዘብ ግዴታዎች ጎን ለጎን ሊጻፉ ስለሚችሉ መለየት ያስፈልጋል። መቀጮ ሕግ አውጪው ለጥፋቱ የወሰነው ቅጣት ነው። ካሳ ለተበዳዩ የሚመለስ ገንዘብ ነው። ክፍያ የምለው ግን ተቋሙ ለሰጠው አገልግሎት፣ ማለትም ለምዝገባው፣ ለጠበቃው፣ ለክትትሉ፣ ለምርመራው፣ ለእስር ቤት አዳሩ የሚያስከፍለው ሒሳብ ነው። ስረዛውን የሚቃወሙ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሦስቱን ቀላቅለው ይከራከራሉ፤ ክፍያ ይቅር ሲባል ተበዳዩ ካሳውን የሚያጣ ያስመስሉታል። የተባለው ነገር እውነት ቢሆን ኖሮ ከባድ መከራከሪያ ይሆን ነበር። ነገር ግን ካሳውም ክፍያውም የሚወጡት ከአንድ ኪስ ነው፤ ከወር ደመወዙ ጥቂት ብቻ የሚተርፈው ሰው ለክትትል ቢሮው የማይከፍለው ገንዘብ ለተበዳዩ ሊከፍለው የሚችለው ገንዘብ ነው።

ክፍያዎቹ በአንድ ቀን አልመጡም። በአሜሪካ ከ1970ዎቹ ወዲህ የእስረኛው ቁጥር በብዙ እጥፍ ሲያድግ የፍርድ ቤቱ፣ የእስር ቤቱና የክትትል ቢሮው ወጪ አብሮ አደገ፤ ግብር መጨመር ደግሞ ለማንኛውም ተመራጭ ፖለቲከኛ አደገኛ ነበር። ስለዚህ በየበጀት ዓመቱ አንድ አዲስ ክፍያ እዚህ፣ ሌላ ጭማሪ እዚያ እየተደነገገ ሒሳቡ ድምፁ ወደማይሰማ ሰው ተዛወረ። እያንዳንዱ ክፍያ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው፤ ያወጣው ሕግ አውጪም በቅን ልቦና ያወጣው ሊሆን ይችላል። ሁሉንም ደምሮ አንድ ሰው ላይ ስንት እንደሚያርፍ የሚያሰላ መሥሪያ ቤት ግን አልነበረም።

ይህ አሠራር ምን ድረስ ሊሄድ እንደሚችል በሰነድ የታየው በሚዙሪ ግዛት በፈርጉሰን ከተማ ነው። በነሐሴ 2014 ማይክል ብራውን የተባለ ወጣት በፖሊስ ተተኩሶ ከተገደለ በኋላ የፌዴራሉ የፍትሕ ሚኒስቴር ምርመራ አድርጎ በመጋቢት 2015 ዘገባውን አወጣ። ከተማዋ ወደ 21 ሺህ የሚጠጋ ነዋሪ ነበራት፤ በ2014 መጨረሻ ግን የከተማዋ ፍርድ ቤት ያወጣው የመያዣ ትእዛዝ ያለባቸው ሰዎች ከ16 ሺህ በላይ ነበሩ። ለ2015 በጀት ዓመት ከ13 ሚሊዮን ዶላር በጥቂቱ ከሚበልጠው ጠቅላላ ገቢዋ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚሆነውን ከመቀጮና ከክፍያ አገኛለሁ ብላ አቅዳ ነበር። የፖሊስ ሥራና የፍርድ ቤት ሥራ በገቢ ዕቅድ ይመሩ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ዘገባ ውስጥ ከአእምሮዬ ያልጠፋው የአንዲት ሴት ጉዳይ ነው። በ2007 መኪናዋን ከሕግ ውጭ አቁማ ሁለት የቅጣት ወረቀት ተሰጣት፤ መቀጮው 151 ዶላር ሲሆን ክፍያዎች ተጨመሩበት። ሴትዮዋ ደሃ ነበረች፤ አልፎ አልፎም መጠለያ አልነበራትም። የቀጠሮ ቀን ባለፈ ወይም ክፍያ በተቋረጠ ቁጥር ባለመቅረብ ትከሰሳለች፤ እንዲህ ያለው ክስ እስከ 2010 ድረስ ሰባት ጊዜ ተመዘገበባት። በእያንዳንዱ ክስ የመያዣ ትእዛዝ ይወጣል፤ አዲስ መቀጮና አዲስ ክፍያም ይታከላል። ሁለት ጊዜ ተይዛ በድምሩ 6 ቀን ታሰረች። አንድ ጊዜ 25 ዶላር፣ ሌላ ጊዜ 50 ዶላር ልትከፍል ሞክራ ፍርድ ቤቱ ሙሉውን ካላመጣሽ አልቀበልም ብሎ ገንዘቡን መለሰላት። በታኅሣሥ 2014 የከፈለችው 550 ዶላር ደርሶ ነበር፤ ያም ሆኖ ገና 541 ዶላር ዕዳ ነበረባት። የመጀመሪያዋን 151 ዶላር ከሦስት እጥፍ በላይ ከፍላም ዕዳው አላለቀም። ለዚህ ያበቃት ጥፋት ደግሞ በማንም ላይ ጉዳት ያላደረሰ የመኪና ማቆም ስሕተት ነበር።

ሕገ መንግሥቱ ይህን አይከለክልም ወይ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል። በከፊል ይከለክላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1983 ቤርደን በጆርጂያ ላይ ባቀረበው ይግባኝ አንድን ሰው መቀጮ አልከፈለም ብሎ ወደ እስር ቤት ከመላክ በፊት ዳኛው ሰውዬው ያልከፈለው እያለው ሆነ ብሎ ነው ወይስ ስለሌለው ነው ብሎ መመርመር እንዳለበት ወስኗል። ይግባኝ ባዩ ማንበብ የማይችልና ከፋብሪካ ሥራው የተቀነሰ ሰው ነበር፤ የመጀመሪያዎቹን 200 ዶላር የከፈለው ከወላጆቹ ተበድሮ ነበር። ውሳኔው ትልቅ ነው፤ ችግሩ ግን በሥራ ላይ ሲውል ነው። በብዛት በሚጨናነቅ ችሎት፣ በአንድ ጠዋት በርካታ መዝገቦችን የሚያይ ዳኛ የእያንዳንዱን ሰው ገቢ፣ የቤት ኪራይና የልጆች ቁጥር ይመረምራል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል። «ሆነ ብሎ» ማለት ምን እንደሆነ እያንዳንዱ ዳኛ በራሱ መንገድ ይረዳዋል፤ አንዱ ስልክ መያዙን፣ ሌላው ሲጋራ ማጨሱን የመክፈል አቅም ምልክት ሊያደርገው ይችላል። ከዚህም በላይ ውሳኔው የሚከለክለው እስሩን እንጂ ዕዳውን አይደለም። ዕዳው ለሰብሳቢ ድርጅት ይተላለፋል፣ ከደመወዝ ይቆረጣል፣ የግብር ተመላሽ ይወሰድበታል። «ክፍያው ይኑር፣ አቅም የሌለው ግን ነጻ ይደረግ» የሚለው መካከለኛ ሐሳብ ጥሩ የሚመስለኝ ጊዜ ነበር፤ አሠራሩን በቅርብ ስከታተል ግን ነጻ የመደረጉን ማመልከቻ መጻፍና ማስረጃ ማሟላት የሚችለው ሰው ብዙ ጊዜ ከሁሉ የባሰ ችግር ላይ ያለው እንዳልሆነ ተገነዘብኩ።

የጠበቃው ክፍያ ደግሞ የተለየ ነገር አለው። በ1963 በጌዲዮን ጉዳይ ለድሃ ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆም፣ በ1967 በጎልት ጉዳይ ደግሞ ለልጆችም ይኸው መብት እንዲጠበቅ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወስኗል። በ1974 ግን ያው ፍርድ ቤት ኋላ አቅም ያገኘ ሰው የጠበቃውን ወጪ እንዲመልስ የሚያዝዝን የኦሪገን ሕግ አጸናው። እናት ወይም አባት ልጃቸው ጠበቃ ይቁምለት አይቁምለት ሲባሉ ሒሳቡ ወደ ቤታቸው እንደሚመጣ ካወቁ ምን እንደሚመልሱ መገመት አያዳግትም። መብቱ በወረቀት ላይ አለ፤ ዋጋው ግን አብሮት ተለጥፏል፤ መብቱን ያልተጠቀመበት ልጅም ለምን እንደተወው በመዝገቡ ላይ አይጻፍም።

የልጆቹን ጉዳይ ከአዋቂዎቹ ለይቼ የምመለከተውም ስለዚህ ነው። ልጅ ገቢ የለውም፤ ስለዚህ ዕዳው ከመጀመሪያው የሌላ ሰው ነው። የወጣት ጥፋተኞች ፍርድ ቤት የተቋቋመው ልጁን ለማረምና ወደ ቤተሰቡ ለመመለስ ነው ተብሎ ሳለ ሒሳቡ የሚያርፈው በዚያው ቤተሰብ ላይ ነው። ታላቅ ወንድማቸው በታሰረባቸው ቀናት ብዛት የቤት ኪራይ ሲጎድል ታናናሾቹ አብረው ይቀጣሉ። በልጁና በወላጁ መካከልም በየወሩ የሚታደስ ቅሬታ ይፈጠራል፤ ደብዳቤው በመጣ ቁጥር ጥፋቱ እንደገና ይነሣል። በአላሜዳ የተደረገው ጥናት እንዳሳየው ጥቁር ልጆች በሥርዓቱ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆዩ ስለነበር በአማካይ የሚደርስባቸው ክፍያ ከነጭ ልጆች ከሁለት እጥፍ በላይ ነበር። ለክፍያው ተመን ያወጣው ሰው የዘር ልዩነት ያሰበ ላይሆን ይችላል፤ በቀን የሚሰላ ሒሳብ ግን በእስሩ ውስጥ ያለውን ልዩነት ሁሉ ወደ ገንዘብ ይለውጠዋል።

በዚያው በካሊፎርኒያ፣ በኦሬንጅ ካውንቲ፣ ጉዳይዋ እስከ ፌዴራሉ ዘጠነኛ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የደረሰ እናት ነበረች። ልጇ በወጣቶች ማቆያ በቆየባቸው ቀናትና በጠበቃው ስም ከ16 ሺህ ዶላር በላይ ተጠየቀች። ቤቷን ሸጣ ከፊሉን ከፈለች፤ ካውንቲው የቀረውን መጠየቁን ቀጠለ፤ በመጨረሻ ዕዳዋን መክፈል እንደማትችል በፍርድ ቤት ኪሳራ አስመዘገበች። ካውንቲው ያን ጊዜም አልተወም፤ ዕዳው ለልጅ ከሚከፈል ቀለብ ጋር የሚመሳሰል ስለሆነ በኪሳራ አይሰረዝም ብሎ ተከራከረ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2016 ክርክሩን ውድቅ አደረገው። ልጅን አስሮ ለእስሩ የሚጠየቅ ገንዘብ ከቀለብ ጋር አንድ ነው የሚል ክርክር በአንድ የመንግሥት አካል ጠበቃ ተጽፎ፣ ተፈርሞና ለዳኞች ቀርቦ እንደነበር ሳስብ አሁንም ይከብደኛል።

ለመሆኑ ገንዘቡ ይገኝ ነበር? አላሜዳ በ2014 እና 2015 መካከል በነበረው አንድ በጀት ዓመት ከቤተሰቦቹ ከ400 ሺህ ዶላር ጥቂት የሚበልጥ ሰበሰበ፤ ለመሰብሰብ ግን ከ250 ሺህ ዶላር በላይ አወጣ። በሳን ፍራንሲስኮ አዋቂዎች ለክትትል በወር 50 ዶላር ይጠየቁ ነበር፤ ሦስት ዓመት ክትትል የተፈረደበት ሰው ገና ሲጀምር 1,800 ዶላር ይጻፍበታል። ከዚያ ክፍያ የተሰበሰበው 9 በመቶ ብቻ ነበር። በ2019 የወጣ አንድ ጥናት በቴክሳስ፣ በፍሎሪዳና በኒው ሜክሲኮ 10 ካውንቲዎችን መርምሮ ከመቀጮና ከክፍያ ለሚገኝ ለእያንዳንዱ ዶላር 41 ሳንቲም ለችሎትና ለእስር ብቻ እንደሚወጣ አሳይቷል፤ ከመካከላቸው አንዱ የኒው ሜክሲኮ ካውንቲ አንድ ዶላር ለመሰብሰብ 1 ዶላር ከ17 ሳንቲም ያወጣ ነበር። በዚህ ላይ የፖሊሱ ሰዓትና ሰውዬው ከሥራ ሲቀር የሚያጣው ደመወዝ አልተደመረም። «ካዝናው ይራቆታል» የሚለውን ስጋት የምመዝነው በእነዚህ ቁጥሮች ነው። በሒሳብ መዝገብ ላይ የተጻፈው ዕዳ ግዙፍ ነው፤ በእጅ የሚገባው ግን ጥቂት ነው፤ አንዳንድ ቦታ ጭራሹን ኪሳራ ነው።

የስረዛው ታሪክ ከዚሁ ከአላሜዳ ይጀምራል። ካውንቲው በ2016 መጀመሪያ ክፍያውን ለጊዜው አገደ፤ በዚያው ዓመት በሕግ ሰረዘው። በቀጣዩ ዓመት ሆሊ ሚቸልና ሪካርዶ ላራ የተባሉ ሁለት የምክር ቤት አባላት ያቀረቡት ሴኔት ቢል 190 የተባለ የሕግ ረቂቅ ጸድቆ ከጥር 2018 ጀምሮ በመላው ካሊፎርኒያ ካውንቲዎች ለልጆች ማቆያ፣ ለጠበቃ፣ ለክትትል፣ ለኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያና ለዕፅ ምርመራ ቤተሰብን ማስከፈል ተከለከሉ። ሳን ፍራንሲስኮ በ2018 ወደ አዋቂዎቹ ተሻገረች፤ በራሷ ሥልጣን ሥር የነበሩትን ክፍያዎች ሰርዛ በ21 ሺህ ሰዎች ላይ የነበረ ከ32 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚሆን ዕዳ አነሣች። በ2020 የጸደቀው አሴምብሊ ቢል 1869 ደግሞ ከሐምሌ 2021 ጀምሮ በግዛቱ ሁሉ 23 የወንጀል አስተዳደር ክፍያዎችን አስቀረ፤ የሕጉ ደጋፊዎች ያነሣውን ዕዳ 16 ቢሊዮን ዶላር ያህል ይገምቱታል። አሴምብሊ ቢል 177 በጥር 2022 ሌሎች 17 ክፍያዎችን ጨመረበት። ሜሪላንድ፣ ኔቫዳ፣ ኒው ጀርሲ፣ ኮሎራዶ፣ ሉዊዚያና፣ ኦሪገንና ሌሎችም በልጆቹ በኩል የየራሳቸውን ሕግ አውጥተዋል። ከእነዚህ ግዛቶች አንዳንዶቹ በፖለቲካ ከካሊፎርኒያ እጅግ የራቁ መሆናቸው ጉዳዩ የአንድ ወገን አጀንዳ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

ከዚህ ሁሉ ለእኔ ዋናውን ትምህርት የያዘው የሴኔት ቢል 190 ጉድለት ነው። ሕጉ አዲስ ክፍያ ከለከለ እንጂ ቀድሞ የተጻፈውን ዕዳ አልነካም። ብዙ ካውንቲዎች በራሳቸው ፈቃድ ከ237 ሚሊዮን ዶላር በላይ የቆየ ዕዳ ተዉ፤ ሌሎቹ ግን መሰብሰባቸውን ቀጠሉ። ልጁ በታኅሣሥ 2017 የታሰረበት ወላጅና በጥር 2018 የታሰረበት ወላጅ በአንድ መንገድ ላይ ጎረቤት ሆነው አንዱ ከደመወዙ እየተቆረጠ ሲኖር ሌላው ምንም አይጠየቅም ማለት ነው። ይህ የተስተካከለው በ2020 በወጣው ሴኔት ቢል 1290 ነው። ያ ሕግ እስኪወጣ ድረስ ክፍያው «ተሰርዟል» ሲባል ለብዙ ቤተሰቦች የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ ለእነርሱ ችግሩ ነገ የሚመጣው ክፍያ ሳይሆን ትናንት የተጻፈው ነበርና። በአዋቂዎቹ ሕግ ላይ ይህ ትምህርት ተወስዷል፤ አሴምብሊ ቢል 1869 ያልተከፈለውን ዕዳ አብሮ አንሥቶ ካውንቲዎች ለሚያጡት ገቢም ግዛቱ በዓመት 65 ሚሊዮን ዶላር እንዲተካ አድርጓል። ዓመታዊው ማካካሻ ከተነሣው ዕዳ ጋር ሲነጻጸር እንዴት ትንሽ እንደሆነ ልብ በሉ። የዕዳው አብዛኛው ክፍል ከመጀመሪያውም የማይሰበሰብ፣ ሰውን ለማሳደድ ብቻ የሚያገለግል ወረቀት ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ፤ ክፍያው የቀረለት ሰው ሕይወቱ ምን ይለወጣል? እስካሁን ካየኋቸው ማስረጃዎች ሁሉ የምተማመንበት በኦክላሆማ ካውንቲ የተደረገና በ2022 የታተመ ሙከራ ነው። ተመራማሪዎቹ በቀላል ወንጀል የተከሰሱ ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው የአንደኛውን ቡድን የፍርድ ቤት ዕዳ ከፈሉላቸው፤ ሌላውን ቡድን በነበረበት ተዉት። ከ12 ወር በኋላ በአዲስ ክስ፣ በጥፋተኝነት ውሳኔም ሆነ በእስር ሁለቱ ቡድኖች አልተለያዩም። ዕዳ የቀረለት ሰው ወንጀል አልቀነሰም፤ አልጨመረምም። ልዩነቱ የታየው በሌላ በኩል ነው። ዕዳው ባልተነሣላቸው ሰዎች ላይ አዲስ የመያዣ ትእዛዝ፣ ተጨማሪ የፍርድ ቤት ዕዳ፣ የግብር ተመላሽ መወሰድና ለግል ዕዳ ሰብሳቢ መተላለፍ ጎላ ብሎ ታየ።

ስረዛውን የሚደግፉ አንዳንድ ሰዎች ይህን ውጤት ሲሰሙ ቅር ይላቸዋል፤ እኔ ግን ይበልጥ ጠንካራ መከራከሪያ ሆኖ አገኘዋለሁ። ክፍያው ሰውን ከወንጀል ያርቃል፣ ኃላፊነት ያስተምራል የሚለው አስተሳሰብ ትክክል ቢሆን ኖሮ ክፍያው የተነሣላቸው ሰዎች ይብሱ ነበር፤ አልባሱም። ስለዚህ ክፍያው ለሕዝብ ደኅንነት የሚሰጠው ጥቅም አልታየም፤ የሚያመነጨው ተጨማሪ የመያዣ ትእዛዝ ግን ታይቷል። ያ ትእዛዝ ደግሞ በፖሊስ፣ በዳኛ፣ በጸሐፊና በእስር ቤት ጠባቂ የሥራ ሰዓት የሚፈጸም ነው። ለትእዛዙ ምክንያት የሆነው ሰው አዲስ ጥፋት አላደረሰም፤ ድህነቱ ብቻ ነው እንደገና ችሎት ፊት ያቀረበው።

በልጆቹ በኩል በፔንሲልቬኒያ፣ በአሌጌኒ ካውንቲ፣ ከ1 ሺህ በላይ ወጣቶችን መዝገብ የመረመረና በ2017 የታተመ ጥናት አለ፤ የገንዘብ ግዴታ የተጣለባቸው ወጣቶች ተመልሰው የማጥፋት ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ አግኝቶታል። ጥናቱ በዕጣ የተደረገ ሙከራ ስላልሆነ ክፍያው ራሱ ጥፋቱን አመጣው ብዬ አልደመድምም፤ ከባድ ጉዳይ ያለባቸው ልጆች ላይ ብዙ ክፍያ ተጥሎ ሊሆን ይችላልና። ሆኖም አንድ የ16 ዓመት ልጅ በቤቱ የገባውን ዕዳ እያየ በአቋራጭ ገንዘብ ለማግኘት ቢፈተን የሚገርም አይሆንም።

ክፍያው በሰዎች ውሳኔ ላይ ሊያሳድር የሚችለው ጫና በግልጽ የታየው ግን ከአሜሪካ ውጭ፣ በእንግሊዝና በዌልስ ነው። በሚያዝያ 2015 ጥፋተኛ የተባለ አዋቂ ሁሉ ከ150 እስከ 1,200 ፓውንድ የሚደርስ የፍርድ ቤት ወጪ እንዲከፍል ተደነገገ። ጥፋቱን ያመነ ሰው ጥቂት ይከፍላል፤ ክዶ ተከራክሮ የተረታ ብዙ ይከፍላል፤ ዳኛውም የሰውዬውን አቅም አይቶ መቀነስ አይችልም ነበር። ቀላል ጉዳዮችን በበጎ ፈቃድ የሚያዩት የሰላም ዳኞች ከደርዘን በሚበልጥ ቁጥር ሥራቸውን ለቀቁ፤ ንጹሕ ሰው ክፍያውን ፈርቶ ጥፋተኛ ነኝ እንዲል ይገፋፋል ብለው ነበር የተቃወሙት። ሕጉ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ፣ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ቀረ። በችሎት ወንበር ላይ የተቀመጡት ሰዎች ራሳቸው ይህን መሣሪያ አንፈልግም ማለታቸው ብዙ ጥናት ከሚናገረው በላይ የሚናገር ይመስለኛል።

«ታዲያ ወንጀል ያልሠራው ግብር ከፋይ ለምን ይክፈል?» የሚለው ጥያቄ መልስ ይገባዋል፤ ቅን ጥያቄ ነውና። መልሴ ፍርድ ቤት ለተከሳሹ ብቻ የሚሰጥ አገልግሎት አይደለም የሚል ነው። ክሱን የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕግ በሕዝብ ስም ነው፤ እስሩን የሚያዝዘው ዳኛ በሕዝብ ስም ነው፤ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰረው መቆጣጠሪያም ለሕዝብ ደኅንነት ይጠቅማል ተብሎ ነው። ተከሳሹ አገልግሎቱን አልጠየቀም፤ እምቢ ማለትም አይችልም። ሕዝብ ለሚፈልገው እስር ሕዝብ የሚከፍል ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ የእስር ቀን ስንት እንደሚያወጣ በበጀቱ ላይ በግልጽ ይታያል፤ ልጅን ለሦስት ሳምንት ማቆያ ማስገባት ያስፈልጋል ወይ የሚለው ጥያቄም ያን ጊዜ በቁም ነገር ይጠየቃል። ሒሳቡ ለእናትየው እስከተላከ ድረስ ግን የሚያዝዘው አካል ዋጋውን አያውቀውም።

የሚያሳስበኝ ነገር አለ። አንድ ግዛት ክፍያውን ሰርዞ መቀጮውን ከፍ ቢያደርግ፣ ወይም የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያውን ለግል ድርጅት አስረክቦ ድርጅቱ በቀጥታ እንዲያስከፍል ቢፈቅድ፣ ስሙ ተለውጦ ሸክሙ ባለበት ይቀራል። ማካካሻ በጀት ያልተመደበለት ፍርድ ቤትም ሠራተኛ ቀንሶ ቀጠሮ ሲያራዝም የሚጎዳው ያው ድሃ ተከሳሽ ነው። ዕዳው ካልተነሣ ደግሞ ከገንዘብ ያለፈ ነገር ይዞ ይቆያል፤ በፍሎሪዳ በ2018 ሕዝበ ውሳኔ ፍርዳቸውን የጨረሱ ሰዎች የመምረጥ መብታቸው ቢመለስም በ2019 የወጣው ሕግ መቀጮና ክፍያቸውን ያልጨረሱትን ከዚያ አስቀርቷቸዋል።

ስለዚህ አንድ ግዛት ክፍያ ሰረዘ የሚል ዜና ሳነብ የምፈልገው የሕጉን ርዕስ ሳይሆን ዝርዝር አንቀጾቹን ነው፤ የቆየው ዕዳ ተነሥቷል ወይ፣ በዕዳው ምክንያት የወጡት የመያዣ ትእዛዞች ተሽረዋል ወይ፣ በቤት ላይ የተመዘገበው ዕዳ ከመዝገብ ይፋቃል ወይ፣ ሕጉ ከወጣ በኋላ በስሕተት የተወሰደ ገንዘብ ይመለሳል ወይ። ከእነዚህም ጋር ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ግዴታ መጨመር አለበት፤ ሒሳቡን ሲልክ የነበረው ቢሮ ዕዳው መነሣቱን በዚያው አድራሻ፣ ሰውየው በሚያነበው ቋንቋ በደብዳቤ ማሳወቅ አለበት። ዕዳው እንደተነሣ ያልሰማ ሰው ከደመወዙ ቀንሶ መክፈሉን ይቀጥላል፤ የፖሊስ መኪና ባየ ቁጥርም መንገዱን ይቀይራል።